ለመቅረጽ 10,000፣ ለማሳየት 150,000 ዶላር

ጥቁር አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ቻርልስ በርኔት የዩሲኤልኤ (የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ዋትስ በሚባለው የሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሰፈር ቅዳሜና እሁድ እየቀረጸ የሠራው «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተባለ ፊልም 10,000 ዶላር እንኳ አልፈጀም። ሲኒማ ቤት በወጉ የገባው ግን በ2007 ነው። ያሰረው ሙዚቃው ነበር፤ ፈቃድ አልተገዛለትም። ፈቃዱ ሲገዛ 150,000 ዶላር ገደማ ወሰደ፤ ፊልሙ ከተሠራበት ከ15 እጥፍ በላይ።

አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወይም ሌላ ነጭ ያልሆነ ጀማሪ ፊልም ሠሪ ስለ ገንዘብ ሲያስብ ጭንቀቱ ካሜራ ነው። ካሜራማ ዛሬ በኪራይም በውሰትም ይገኛል። ሰው የሚሰናከለው ከቀረጻው በፊትና በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ገንዘብ የሚመጣው ከዘመድ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌደራል ሪዘርቭ፣ በ2022 ባደረገው ጥናት፣ መሐል ላይ ያለው የነጭ ቤተሰብ የተጣራ ሀብት 285,000 ዶላር፣ የጥቁር ቤተሰብ 44,900፣ የሂስፓኒክ 61,600 ገደማ ነበር። አንዱ አባቱን 20,000 ሲጠይቅ፣ ሌላው የወላጆቹን የቤት ኪራይ ይደጉማል። ሕጉም ለባለሀብት ያደላል፦ የፊልሙን አክሲዮን ያለ ማስታወቂያ በግል ስትሸጡ (506ቢ በሚባለው መንገድ)፣ በዓመት 200,000 ዶላር ገቢ ወይም ከመኖሪያ ቤቱ ውጭ 1 ሚሊዮን ሀብት ከሌላቸው ሰዎች ከ35 በላይ ማስገባት አይቻልም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወይም ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ከለጠፋችሁ ደግሞ ያ መንገድ ተዘጋ።

እቁብ ወጥቶልኝ ልሥራበት የሚል ሐበሻ አይጠፋም። ቀድሞ የደረሰው ሰው ግን በየሳምንቱ መክፈሉን አያቆምም፤ ፊልም ቢመልስ እንኳ በዓመታት ነው። አይመከርም። የሚሻለው በሕግ የተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ጥላ ሥር ገብቶ ስጦታ መቀበል ነው። ድርጅቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይቆርጣል፤ ሰጪው ከግብር ያስቀንሳል፣ ከፊልሙ ግን ድርሻ የለውም።

የግብር ማበረታቻን በጀት ውስጥ አስቀድሞ መቁጠርም ያጋልጣል። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ከወጣው ወጪ 20 በመቶ፣ የግዛቲቱን አርማ ላሳየ 10 ጨምራ ትሰጣለች፤ መነሻው ግን 500,000 ዶላር ወጪ ነው። በ200,000 የተሠራ ፊልም ዜሮ ያገኛል።

ኢንሹራንስ ደግሞ አለ። የካሜራ ኪራይ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የ1 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ሽፋንና የዕቃ ሽፋን ይጠይቃል፤ ሰርተፊኬቱ ላይም የኪራይ ቤቱ ስም መጻፍ አለበት። ስሙ ከሌለ ዕቃው አይወጣም፤ ቡድኑ ቆሞ ይጠብቃል፣ የቀን ክፍያው ይቆጥራል።

ወደ ሙዚቃው ልመለስ፤ ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አንድ ዘፈን ቢያንስ ሁለት መብት አለው፦ የድርሰቱና የተቀዳው ድምፅ። አንዱ ከጎደለ ዘፈኑ የለም። የድሮ የካሴት ዘፈን ከሆነ ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ ዘፋኙና ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ሁሉ ይፈለጋሉ፤ «ዘፋኙ አጎቴ ነው፣ ፈቅዶልኛል» አያስኬድም። ጀማሪ ርካሽ ስለሆነ የፌስቲቫል ፈቃድ ብቻ ይገዛል። ያ ጊዜው ያልቃል፣ ሲኒማንና ስትሪሚንግን አይጨምርም፤ ፊልሙ ገዢ ሲያገኝ ባለመብቱ ዋጋውን ይቆልላል። ስለዚህ የፌስቲቫሉን ውል ስትፈርሙ የቀጣዩን ደረጃ ዋጋ እዚያው አስጽፉ። እምቢ ካሉ ኤዲቲንጉ ሳይዘጋ ዘፈኑን አውጥታችሁ አዲስ አሠሩ።

አከፋፋይ ከጠፋስ? ኃይሌ ገሪማ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ይዞ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ሲያጣ፣ ዋሽንግተንን ጨምሮ በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየው። ኪራዩ አስቀድሞ ይከፈላል፣ ወንበር ባዶ ከቀረ ኪሳራው የራስ ነው፤ ከሞላ ግን የቲኬቱ ገንዘብ በእጅ ይገባል። «ሳንኮፋ» ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ።