ድንጋዬ ጢም ያበቀለ ጊዜ

ቀድማ ያየችው ሚስቴ ናት። «ድንጋዩ ጢም አበቀለ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። 40 ሊትር የምትይዘው የጨው ውሃ አኳሪየሜ ውስጥ ድንጋዩ ሁሉ የጣት ርዝመት ባለው አረንጓዴ ፀጉር ተሸፍኗል። ድንጋዩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት መሃሉ ላይ ተኮራምተው ቁጭ ብለዋል።

ውሃውን መረመርኩ። ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ። ደግሜ መረመርኩ፤ አሁንም ዜሮ። ፀጉሩ አልጌ የሚባል ዕፅዋት መሰል ነገር ነው፤ የሚያድገውም እነዚህን ሁለቱን እየበላ ነው ይባላል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ፀጉር ምን በልቶ ወፈረ? መመርመሪያው ተበላሽቷል እያልኩ ሁለት ቀን ሙሉ ስረግመው ዋልኩ። ምስኪኑ ግን ልክ ነበር። እሱ የሚለካው ውሃው ውስጥ የተረፈውን ነው። አልጌው ደግሞ ምንም አያስተርፍም። ሳህኑ ባዶ የሆነው ምግብ ስላልቀረበ ሳይሆን በላተኛው ስለበዛ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ምግቡ ከየት ይገባል የሚል ሆነ። አንደኛው ተጠርጣሪ እኔው ነኝ። ያሉኝ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች ናቸው። ወደ መስታወቱ መጥተው ሲወራጩ አላስችል ይለኛል፤ በቀን አንድ ሙሉ ኩብ በበረዶ የረጋ ምግብ እጥልላቸው ነበር፣ ከነቀለጠው ውሃ። አሁን ሩቡን ብቻ ቆርጬ፣ በወንፊት አለቅልቄ፣ ውሃውን ደፍቼ እሰጣለሁ። አልከሱም።

ሁለተኛውን ለማግኘት ጊዜ ወሰደብኝ። ከአኳሪየሙ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይተናል። ጨው ስለማይተን የሚተካው በተጣራ ንጹህ ውሃ ነው። በወር 15 ሊትር ማለት ነው፤ ለ40 ሊትር አኳሪየም ቀላል አይደለም። በሚጨመረው ውሃ ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ አብሮ አይተንም፣ ይጠራቀማል። የቲዲኤስ መለኪያዬን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን የሚለካውን፣ አቧራውን ጠርጌ የማጣሪያዬ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። 31 አለኝ! ዜሮ መሆን ነበረበት። የማጣሪያው ሬዚን፣ የሟሟውን ነገር ከውሃው የሚይዘው ቅንጣት፣ ሲያልቅ ቀለሙን ይቀይራል፤ ቀይሮም አይቼዋለሁ። «ቅዳሜ እለውጠዋለሁ» እያልኩ ስንት ቅዳሜ አለፈ።

ሬዚኑን ቀየርኩ። መብራቱ በቀን የሚበራበትንም ጊዜ ከ11 ሰዓት ወደ 7 ሰዓት ቀነስኩ። የበቀለው ግን በዚህ ብቻ አይሄድም፤ በእጅ መነቀል አለበት። መጀመሪያ እዚያው አኳሪየሙ ውስጥ መፈተግ ጀመርኩ። እብደት ነው። ብጥስጣሹን ፓምፑ እያዞረ ኮራሎቹ ላይ በተነው፤ የወደቀበት ቦታ ሁሉ ደግሞ በቀለ። በኋላ ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ውሃ ባልዲ ሞልቼ፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳቸው። ውሃው እንደ ተወቀጠ ቅጠል አረንጓዴ ሆነ፤ ሽታውም የባሕር ዳርቻ ሽታ። ከአንዱ ቀዳዳ የጥፍር ታህል ባለ አምስት ክንድ ፍጥረት ብቅ ብላ ብሩሹ ላይ ተጠመጠመች። ሁለት ዓመት ስኖር እንደዚህ ዓይነት ጎረቤት እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ፎስፌት የሚስብ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት ገዝቼ ፊልተሩን ሞላሁት። ፀጉሩ ጠፋ፤ በቦታው አረፋ የቋጠረ ቡናማ ንፍጥ መጣ። ማታ ይሳሳል፣ መብራት ሲበራ ተመልሶ ይዘረጋል። ዳይኖፍላጀሌት ይሉታል፤ ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ናይትሬትና ፎስፌት ጨርሶ ሲጠፉ፣ ሌላው ተወዳዳሪ ሲራብ፣ ሜዳው ለእሱ ይቀርለታል። ይሄኛው ዜሮ የእውነት ዜሮ ነበር። ሁለት ቀንድ አውጣዎች ሞቱብኝ። ቅንጣቱን አውጥቼ ጣልኩ፤ ስቀንስ የከረምኩትን ምግብም መልሼ ትንሽ ጨመርኩ። እስኪጠፋ ሁለት ወር ፈጀ። አሁን በሊትር ፎስፌቱን 0.05፣ ናይትሬቱን 5 ሚሊግራም አካባቢ አድርጌ እይዛለሁ። ዜሮ ሳይ ነው የምደነግጠው።

ከፓምፑ ጀርባ አሁንም አንድ ቁንጥር ፀጉር አለ። ትቼዋለሁ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ይጨርሱት። ከእነሱ ትሮከስ የሚባሉት ቢወድቁ ራሳቸው ይገለበጣሉ። አስትሪያ የምትባለው ሌላዋ ግን በጀርባዋ ከወደቀች አትነሳም፣ እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ክንዴን ነክሬ ቀና አደርጋታለሁ።

«ዛሬም ወደቀች?» ትለኛለች ሚስቴ።

ወድቃለች።