«ነክሷል ወይ?»

ኅዳር ነበር። ጅማ፣ ጅሬን አቀበት ላይ የሚኖሩ ቡና ነጋዴ እትዬ ኮሮላቸውን ግቢያቸው ውስጥ እንድሠራላቸው ጠሩኝ። ጋራዥ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ስለነበር ራሴን እንደ ባለሙያ እቆጥራለሁ።

የ2003 ሞዴል ናት። መሪዋ ወደ ቀኝ ሲዞር ከግራ ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የአክስሉ መታጠፊያ የጆይንቱ ኩፊያ፣ ማለትም የጎማ ሽፋኑ፣ ተቀዶ ግሪሱ ተረጭቶ አልቋል፣ በቦታው አቧራ ገብቷል። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ፣ አክስሉ፣ መቀየር ነበረበት።

ጎማው መሬት ሳይለቅ፣ የእትዬን ልጅ ፍሬን አስረግጬ ትልቁን ዳዶ በ30 ቁልፍ ፈታሁ። አሮጌውን ስነቅል ከካምቢዮው የወረደውን ዘይት በሳህን ተቀብዬ አዲሱን ከተትኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። በአክስሉ ውስጠኛ ጫፍ ላይ ቀለበት የመሰለች ቀጭን ሽቦ አለች፤ ክፍተቷን ወደ ታች አድርጎ ቀጭ ብላ እስክትነክስ መግፋት ያስፈልጋል። እኔ ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም በቃ ብዬ ተውኩት። ውጪኛውን ጫፍ ለማስገባት የጎማውን ማቀፊያ ወደ ራሴ ስስብ ግን ውስጠኛው ተከትሎ ወጥቶ ኖሯል።

ማርሹ «ፒ» ላይ፣ ማለትም ማቆሚያው ላይ፣ ነው ብዬ የእጅ ፍሬን አልያዝኩም፤ ጎማ ሥር ያደረግኳቸውን ድንጋዮችም አንስቻለሁ። ክሪኩን ሳወርድ መኪናዋ ቁልቁል ተንሸራተተች! «ፒ» የሚቆልፈው ካምቢዮውን እንጂ ጎማውን አይደለም፤ አንዱ አክስል ከተለየ ሌላኛው ብቻውን መኪናን አይዝም። ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት የታየኝ ከኋላ በሸራ ላይ ለጀንፈል የተሰጣው ቀይ እሸት ቡና ብቻ ነበር። በላዩ አልፋ ከአቮካዶው ግንድ ጋር ተላትማ ቆመች።

እትዬ ወጥተው አዩ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአለቃዬ ደወልኩ። ጋሼ ስለ ጉዳቱ አልጠየቁም፤ «ስትገፋው ነክሷል ወይ?» ብቻ አሉኝ። መጥተው አክስሉን ቢስቡት እንደ ቢላዋ ከሰገባው ወጣ። ቀለበቷን አዙረው አንዴ ገፉት፤ ቀጭ አለ። መልሰው ሳቡት፤ ንቅንቅ አላለም። ዳዶውን በመለኪያ ቁልፍ 216 ኒውተን ሜትር አጠበቁ፣ የጎደለውን ዘይት ሞሉ። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ተንበርክኬ ከአፈር ላይ ቡና እለቅም ነበር።

ሒሳብ ሲሠራ ከእጅ ዋጋዬ ላይ የሁለት ጣሳ ቡና ተቀነሰ። ማን እንዳሰላው አልጠየቅኩም።