ተዋናዩ ድንገት ሲዘፍን

«የሦስት ሳንቲም ኦፔራ» የተባለው ባለ ዘፈን ተውኔት በ1928 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ሲከፈት ሙዚቀኞቹ ሰባት ብቻ ነበሩ። የተውኔቱ ጸሐፊ ጀርመናዊው ብሬሽት ዘፈኑ ከንግግሩ ጋር ተጣብቆ እንዲያልፍ አልፈለገም። ዘፈን ሊጀመር ሲል መብራቱ ወርቃማ ይሆናል፣ መድረኩ ላይ ያለው ኦርጋን በብርሃን ይደምቃል፣ ሦስት መብራቶች በዘንግ ከላይ ይወርዳሉ፣ የዘፈኑ ርዕስም በሰሌዳ ላይ ይታያል። ተዋናዩም ቦታውን ቀይሮ ነው የሚጀምረው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ተዋናዩ ከንግግሩ ሳይታወቀው ወደ ዜማው ይንሸራተታል፤ ተመልካች ስሜት ውስጥ ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ዘፈኑ የሚያነሳው ጥያቄ ግን ያመልጠዋል። ስለዚህ ንግግሩን ቁርጥ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት፣ ፊትን ወደ ታዳሚ፣ ከዚያ ዘፈን። በልምምድ ግጥሙን መጀመሪያ ያለ ዜማ፣ በምት ብቻ ማስነገር ይረዳል። ባንዱ ቃሉን ከዋጠው ደግሞ ድምፁን የሚቀንሰው ባንዱ እንጂ ተዋናዩ አይጩህ።

ዜማው ግጥሙን መድገም የለበትም። የተውኔቱን ዜማ የደረሰው የቫይል የመክፈቻ ዘፈን የነፍሰ ገዳዩን ወንጀል አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ዜማው ግን ለአፍ የሚጥም የመንገድ ዘፈን ነው። (ጣዕሙ በዝቶ ሊፌዝባቸው የታሰቡት ባለጸጎችም ያንጎራጉሩት ጀመር።) ዜማውም እንደ ቃሉ ቢጨልም ኖሮ አድማጩ ገና በሁለተኛው ስንኝ ጆሮውን በደፈነ።