ከእትየ ኋላ ሃያ እርምጃ

ዛሬ እትየ ብቻቸውን ወፍጮ ቤት ሄደው መጡ። እኔ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላ ሆኜ አፌን ይዤ ተከተልኳቸው። ዝም ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

እትየን ያወቅኳቸው ከጓደኞቼ ጋር በበጎ ፈቃደኝነት ዓይነ ስውራንን ማገዝ ስንጀምር ነው። ዓይናቸውን የወሰደው ትራኮማ ነው፤ እሳቸው የዓይን ማዝ ይሉታል። የዓይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌናቸውን ሲፍቀው ዓመታት አለፉ። ጎረቤት በወረንጦ ይነቅልላቸዋል፤ ፀጉሩ መልሶ ይበቅላል፣ መልሶ ይወጋል። ቆቡ በጊዜ በቀዶ ጥገና ቢቃና ኖሮ ይተርፉ ነበር። ጠባሳው ብሌኑን ከሸፈነው በኋላ ግን የጠፋው ብርሃን በዚያ ቀዶ ጥገና አይመለስም። ፊትን በመታጠብና በመድኃኒት መከላከል የሚቻል በሽታ መሆኑን ሳስብ አንጀቴ ያርራል።

መጀመሪያ ሰሞን እኔም አጥፍቻለሁ። አንድ ቅዳሜ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ማጀታቸውን ጠራርጌ፣ ጣሳዎቹን አጥቤ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። በነጋታው ጨው ብለው ሽሮው ላይ ስኳር ጨመሩበት። ስመለስ አልተቆጡኝም፤ «ልጄ፣ ቤቴን ወሰድሽብኝ» ብቻ አሉኝ። በርበሬና ሽሮ በማሽተት ይለያሉ፤ ጨውና ስኳር ግን አይለዩም። እሳቸው የሚለዩት በቦታቸው ነበር። ያን ቀን ሁሉንም እሳቸው እየነገሩኝ ወደነበረበት መለስኩ፤ የጨው ጣሳው አንገት ላይም ባለ ሦስት ቋጠሮ ክር አሰርንበት።

በነጭ በትር መሄድን ያስተማሩን መምህር ራሳቸው ዓይነ ስውር ናቸው። ቀኝ እግር ሲቀድም የበትሩ ጫፍ ግራውን ይነካል፤ የግራው እግር የሚያርፍበትን አስቀድሞ ይፈትሻል። ሲነገር ቀላል ነው። የጎንደር ቁልቁለት ላይ፣ በክረምት፣ ክዳን የሌለው ቦይ በአንድ ወገን እያለ ሌላ ነገር ነው። እትየ መንገዱን በአራት ምልክት ይዘውታል፦ ኮብልስቶኑ አልቆ አፈሩ የሚጀምርበት፣ የብየዳ ቤቱ ድምፅ፣ የዳቦ ቤቱ ሽታ፣ ከዚያ የወፍጮው ጩኸት።

ዛሬ ብየዳ ቤቱ አጠገብ ባጃጅ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። በበትራቸው ነክተው ሊዞሩት ሲሉ አንድ ወጣት ሮጦ መጣና ክንዳቸውን ይዞ ወደ ማዶ አሻገራቸው። ወዴት ነው የሚሄዱት ብሎ አልጠየቀም። ልጁ ደግ ነው፤ ፊቱ ላይ ይታያል። እሳቸው ግን ያለ ምልክት ቀሩ። ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ ነጠላዬን ነክሼ ቆምኩ። እትየ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ረጅም ጊዜ ነው የመሰለኝ። የወፍጮውን ድምፅ ሲያገኙ ልጁን «ተባረክ። አሁን ክንድህን ስጠኝና መልሰኝ» አሉት። እሱ ያዛቸው አልልም፤ እሳቸው ከክርኑ ከፍ ብለው ይዘውት፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው ተመለሱ። እንደዚያ ነው ትክክሉ።

ወፍጮ ቤት ባለወፍጮው ከእትየ ትከሻ በላይ አየኝና «ይድቀቅ ወይስ መካከለኛ?» አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። «ሽሮው የኔ ነው፤ እኔን ጠይቀኝ» አሉት። ሲከፍሉም ከመቀነታቸው አወጡ፤ 200 ብሩን አራት ያጥፉታል፣ 100ውን በቁመቱ፣ 50ውን በወርዱ፣ 10ሩን ሳያጥፉ ነው የሚይዙት። መልሱንም አንድ በአንድ እያስነገሩ፣ እዚያው አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱ።

ቤት ስንደርስ ላብ በላብ የሆንኩት እኔ ነኝ። ቡና አፈሉልኝ። ሲኒው ሲሞላ ድምፁ እንደሚቀጥን ያወቅኩት እሳቸው ሲቀዱ እያዳመጥኩ ነው፤ አንድ ጠብታ አላፈሰሱም።

ቀጥለው የሚፈልጉት ቀሃ ኢየሱስ ድረስ ብቻቸውን መሄድ ነው። አስፋልት መሻገር አለበት፤ ፈራሁ፣ ፍርሃቴንም አልደበቅኳቸውም። «እንግዲያው መጀመሪያ አንቺ ዓይንሽን አስረሽ ሂጂበት፤ እኔ ክንዴን እሰጥሻለሁ። ምልክቱን አብረን እንፈልጋለን» አሉኝ።

ለቅዳሜ ወፍራሙን ነጠላ አጥቤ አስጥቻለሁ።