የወር አበባዬ እስኪቆም የቆጠርኋቸው ወራት

የወንድ ሆርሞን የሆነውን ቴስቶስትሮን መውሰድ ከመጀመሬ በፊት ስለ ድምፄ መጎርነን፣ ስለ ጢሜና ስለ ጡንቻዬ ብዙ አውጥቼ አውርጄ ነበር። ስለ ወር አበባዬ ግን ብዙም ሳልጨነቅ፣ የመጀመሪያውን መርፌ እንደ ወሰድሁ ቀጥ ብሎ የሚቀር ነገር አድርጌ ወስጄው ነበር። እንደዚያ አልሆነም። ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ስድስት ወር ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው፤ በመሐልም ቆመ ብዬ ከተማመንሁ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሶ መጥቷል፤ ነገሩ የተራዘመውም በከፊል በገዛ እጄ ነው።

ስወለድ ሴት ተብዬ የተመዘገብሁ፣ አዲስ አበባ ተወልጄ ከዐሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ሜሪላንድ የኖርሁ ትራንስ ወንድ ነኝ። ሕክምናውን የጀመርሁት በፈረንጆች አቆጣጠር በመስከረም 2022 ሲሆን፣ የታዘዘልኝ በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋ 40 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ሲፒዮኔት፣ ማለትም በዘይት የተዘጋጀ የቴስቶስትሮን ዓይነት ነበር። በአንድ ሚሊሊትር 200 ሚሊግራም ከሚይዘው ብልቃጥ 0.2 ሚሊሊትር ብቻ ስለሚቀዳ፣ የዘይቱን ወፍራምነትና የመጠኑን ትንሽነት ሳይ «ይህቺ ጠብታ ምን ልትሠራ ነው?» ብዬ መገረሜን አስታውሳለሁ።

የምከታተልበት ክሊኒክ ነርስ አሠራሩን በትዕግሥት አስረድታኛለች። ቴስቶስትሮን በደም ውስጥ ሲበዛ፣ እንቁላል እንዲለቀቅ ከአንጎል ሥር ካለችው እጢ የሚላከው ትእዛዝ ይዳከማል፤ የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋንም እንደ ቀድሞው በየወሩ ወፍሮ የሚረግፍ መሆኑ ቀርቶ ቀስ በቀስ ይሳሳል። ቀስ በቀስ የሚለውን ቃል ያኔ አልሰማሁትም። የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር የሆነው ኢንዶክሪን ሶሳይቲ በፈረንጆች 2017 ያወጣው መመሪያ የወር አበባ የሚቆምበትን ጊዜ ከ1 እስከ 6 ወር ብሎ እንዳስቀመጠው ብትነግረኝም፣ በጆሮዬ የቀረው «1» የሚለው ቁጥር ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ወር አበባ ልክ በቀኑ መጣ፤ እንዲያውም ከወትሮው በዛ። ሁለተኛው ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ መጥቶ በሦስት ቀን አበቃ። በሦስተኛው ወር ያየሁት ቡናማ ጠብታ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ሞዴስ የሚያስፈልገው አልነበረም። ይህን ሁሉ በትንሽ ደብተር እመዘግብ ነበር፤ መርፌ የወሰድሁበትን ቀን በአንድ ዐምድ፣ ደም ያየሁበትን ቀንና መጠን በሌላ፣ ቁርጠት መኖር አለመኖሩን በሦስተኛው ዐምድ። ደብተሩን የጀመርሁት ለመጽናናት ነበር፤ ከሁሉ የጠቀመኝ ግን እርሱ ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ መቁጠር አንድ ነገር ልበል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከቤተ መቅደስ ውጭ ሆና ነው የምታስቀድሰው። እኔም በጉርምስናዬ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ ኋላም ሜሪላንድ፣ በየወሩ አንድ እሑድ ደጅ ቆሜያለሁ። የሚያመኝ መቆሙ አልነበረም፤ የሚያመኝ፣ የቆመ ሰው ሁሉ ሰውነቴ የት ቀን ላይ እንደ ደረሰ ማወቁ ነበር። ስለዚህ መቁጠር የሚባለውን ነገር እጠላው ነበር። ቀኑን ራሴ ለራሴ መያዜ ግን በሰው ፊት እንደ መቆጠር አልነበረም።

በሦስተኛው ወር የደም ምርመራ ተደረገልኝ። የሲፒዮኔት መጠን መለካት ያለበት በሁለት መርፌዎች አጋማሽ ስለ ሆነ፣ እሑድ የምወጋ ሰው ረቡዕ ወይም ሐሙስ መሄድ ነበረብኝ። ውጤቱ በዴሲሊትር 310 ናኖግራም ሆነ፤ የሚፈለገው ግን ከ400 እስከ 700 ነው። መዝገቤ ላይ አሁንም «ሴት» ተብሎ ስለ ተጻፈ ላቦራቶሪው በቀይ «እጅግ ከፍተኛ» ብሎ መልሶልኝ ለግማሽ ቀን አስደንግጦኛል፤ ሐኪሙ ደግሞ ያንኑ ወረቀት አይቶ ዝቅተኛ ነው ብሎ መጠኑን ወደ 60 ሚሊግራም ከፍ አደረገው። በታኅሣሥ ምንም ደም አላየሁም።

ከዚያ መድኃኒት ቤቱ አዘገየብኝ። ቴስቶስትሮን በአሜሪካ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ስለ ሆነ እንደ ሌላው መድኃኒት ቀደም ብሎ ማስሞላት አይቻልም። እኔም እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠብቄ ስለ ነበር ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ በአዲስ ሱፍ ልብስ ተሞሽሬ ከሚዜዎቹ ጋር ቆሜ ሳለሁ ሆዴን ቆረጠኝ። የወንዶች መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሳይ ደም ነበር። ያኔ ነው ማንም ያልነገረኝን የተረዳሁት፤ በወንዶች መጸዳጃ ክፍሎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ መጣያ የለም። በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቦርሳዬ ውስጥ ሁለት የወረቀት ከረጢትና አንድ ሞዴስ አይጠፋም።

ታላቅ እህቴ ፊቴን አይታ ተከትላኝ ወጣችና በጆሮዬ «መጣብህ እንዴ?» አለችኝ። አማርኛ ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ሴት ወይስ ወንድ ብሎ ሳይለይ አያሳልፍም፤ ይህ ጥያቄ ደግሞ በሴት አንቀጽ ካልሆነ በቀር ተጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም። እህቴ «መጣብህ» ስትል አንደበቷ አልተደናቀፈም። ስቄ ልሞት ነበር፤ ቁርጠቱም ለጊዜው ተረሳኝ።

ስሕተቴን የሠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። መድኃኒቱ እንደ ደረሰኝ ያለፈኝን ላካክስ ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ለሁለት ሳምንት እጥፉን ተወጋሁ። ፊቴ በብጉር ተሸፈነ፣ እንቅልፌ ተዛባ፣ ደሙም እየተቆራረጠ ቀጠለ። ሐኪሙ ሳይቆጣኝ ነገር ግን በግልጽ እንደ ነገረኝ፣ ከሚገባው በላይ የሆነ ቴስቶስትሮን በከፊል ሰውነት ውስጥ የሴት ሆርሞን ወደ ሆነው ኤስትሮጅን ይለወጣል፤ ቀይ የደም ሴሎችንም ያበዛና ደምን ያወፍራል። ያመለጠ መርፌ አይካካስም፤ መቼ እንደሚወሰድ ተጠይቆ ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳሉ እንጂ። ደብተሬን ባየ ጊዜ የተዘለሉት ቀኖችና ደም የመጣባቸው ቀኖች ጎን ለጎን ተጽፈው ስላገኛቸው፣ ለጊዜው ሌላ ምርመራ ማዘዝ አላስፈለገውም።

ደም መፍሰሱ ለሚያስጨንቀው ሰው ሌላ መንገድም እንዳለ ያኔ ተነግሮኛል። በቀን 5 ሚሊግራም ኖሬቲንድሮን አሲቴት የሚባል ክኒን ወይም ሆርሞን ያለው የማሕፀን ሉፕ ደሙን ሊያቆም ይችላል። እኔ «የሴት ክኒን» ነው ብዬ እምቢ አልሁ። ዛሬ ቢሆን ያለ ማመንታት እቀበል ነበር፤ ስሙ ነበር እንጂ ያስፈራኝ መድኃኒቱ አይደለም።

ያፈርሁበት ሌላው ጉዳይ የእርግዝና ነገር ነው። ደሙ ከቆመ እርግዝና አይኖርም ብዬ አምን ነበር፤ ነርሷ ግን ቴስቶስትሮን የእርግዝና መከላከያ እንዳልሆነ፣ ወር አበባ ባይታይም እንቁላል ሊለቀቅ እንደሚችል፣ መድኃኒቱም ፅንስን እንደሚጎዳ በማያሻማ ቃል ነገረችኝ። የማሕፀን በር ካንሰር ምርመራም ማሕፀን እስካለ ድረስ በጊዜው መቀጠል አለበት። እነዚህን ሁለቱን ከወር አበባዬ ጋር አብሬ የተሰናበትኋቸው መስሎኝ ነበር።

በየሳምንቱ እሑድ ማታ ሳላዛንፍ መወጋቴን ከቀጠልሁ በኋላ የመጨረሻውን ጠብታ ያየሁት በየካቲት ማለቂያ ነው። ከዚያም በኋላ ለጥቂት ወራት በየአራት ሳምንቱ ገደማ ደም የሌለው ቁርጠት ይመጣብኝ ነበር። ይህ ሌሎችንም እንደሚያጋጥም፣ ነገር ግን እየበረታ ከሄደ መታየት እንዳለበት ስለ ተነገረኝ እርሱንም በሦስተኛው ዐምድ መመዝገቤን አላቋረጥሁም።

አሁን ደብተሩ ውስጥ የመርፌ ቀን ብቻ ነው የሚጻፈው። የደሙ ዐምድ ባዶ ቢሆንም አልሰረዝሁትም፤ ከረዥም ጸጥታ በኋላ ያለ ምክንያት ደም ከታየ በሳምንቱ ውስጥ እንድደውል ታዝዣለሁ። እህቴም መሳቢያዬ ውስጥ አንድ እሽግ ሞዴስ አስቀምጣ፣ ላዩ ላይ በእጅ ጽሕፈቷ «ለወንድሜ» ብላ ጽፋበታለች።