54 ማለፊያ መሆኑን ማን ይመስክርልኝ?

አሜሪካ ስንመጣ ሻንጣችን ውስጥ በርበሬ ነበር፣ ሽሮ ነበር፣ አክስቴ የቆላችው በሶም ነበር። ትራንስክሪፕቴን ደግሞ አባቴ ሻንጣ ውስጥ አይገባም ብሎ በፌስታል ጠቅልሎ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ በእጁ ይዞታል። ያልያዝነው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። በእሷ ምክንያት 11ኛ ክፍል መግባት ሲገባኝ ከ14 ዓመት ልጆች ጋር 9ኛ ክፍል ተቀመጥኩ።

የሚመክረን ሰው ጠፍቶ አይደለም። ስለ ብርዱ ነግረውናል፣ ስለ መንጃ ፈቃድ ነግረውናል፣ ስለ ክሬዲት ካርድ ስንት ሰው ስንት ጊዜ አስጠነቀቀን። ስለ ሌላኛው ክሬዲት ግን ትንፍሽ ያለ የለም።

እዚህ ሃይስኩል የሚጨረሰው ከክፍል ክፍል በማለፍ ብቻ አይደለም፤ ክሬዲት ተሰብስቦ ነው። አንድን ትምህርት ዓመቱን ሙሉ ተምራችሁ ካለፋችሁ 1 ክሬዲት ታገኛላችሁ፤ የግማሽ ዓመት ከሆነ ግማሽ። እኛ ያለንበት ሜሪላንድ ቢያንስ 21 ይጠይቃል፣ ዲስትሪክቶች፣ ማለትም የየአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩት መሥሪያ ቤቶች፣ ደግሞ በላዩ ሊጨምሩ ይችላሉ። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን እዩ፤ ቁጥሩ ይለያያል። ቁጥሩን መሙላትም አይበቃም። በዓይነት በዓይነቱ ነው የሚፈለገው። እንግሊዝኛ 4፣ ሳይንስ 3፣ ሶሻል ስተዲስ 3፤ እሱም የአሜሪካ ታሪክ፣ የዓለም ታሪክና ገቨርመንት። ሒሳብ አለ፣ አርት አለ፣ ቴክኖሎጂ አለ፣ ስፖርትና ጤና አለ። 30 ክሬዲት ሰብስባችሁ አርት ከጎደላችሁ ጋውን አትለብሱም። 75 ሰዓት የነፃ አገልግሎትም አለ፤ እኔ ዘግይቼ ስለገባሁ ተቀንሶልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ የሚታደልበት ቦታ ካርቶን እያነሳሁ ጨረስኩት።

ምዝገባው ራሱ ቀላል ነበር። ፓስፖርት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የክትባት ወረቀት። ከዚያ ቤታችሁ ውስጥ ምን ቋንቋ ይነገራል የሚል ፎርም ይሰጣችኋል። አማርኛ ካላችሁ የእንግሊዝኛ ፈተና ትፈተናላችሁ። አንዳንድ የሀገር ልጆች «እንግሊዝኛ ብለህ ሙላና ተገላገል» ይላሉ። አትስሟቸው። ኋላ እኔን ያዳነችኝ በዚያ ፈተና ምክንያት ያገኘኋት የኢሶል አስተማሪ ናት፤ ኢሶል እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው።

ጉዱ የመጣው ትራንስክሪፕቱ ሲገመገም ነው።

ወሩ ኦገስት 2022 ነው። ትራንስክሪፕት የምትገመግመው የቢሮው ሴትዮ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «9ኛ ክፍል በ2013 ነው የተማርከው?» አለች። አዎ አልኩ። ፓስፖርቴን አየች። የተወለድኩት በ2006 ነው ይላል፣ በፈረንጆቹ። ወረቀቱን አየች፣ ፓስፖርቱን አየች፣ እኔን አየች። «የ7 ዓመት ልጅ ሆነህ?» እኔ ሳቅኩ። ሌላ የሳቀ የለም። አባቴ «ካሌንደር ዲፈረንት» እያለ በጣቱ ሰባት፣ ስምንት ቆጠረላት። ራሷን ነቀነቀችና የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አልጠየቅንም።

ቀጥሎ ውጤቱ። እኔ እንግዲህ ሰፈር ውስጥ ጎበዝ የምባል ልጅ ነበርኩ። ከ58 ተማሪ 9ኛ ነው የወጣሁት። ሒሳብ 54፣ ፊዚክስ 57፣ ኬሚስትሪ 61። አስተማሪዎቻችን ውጤት የሚሰጡት ከኪሳቸው እንደሚያወጡት ገንዘብ ነበር። 50 ካገኘህ አልፈሃል፣ 54 ካገኘህ እፎይ ትላለህ። እዚህ ግን በአብዛኛው ከ60 በታች ኤፍ ነው። 61 ዲ ነው። ሴትየዋ በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካች ወረደች፤ ሒሳብ ክሬዲት የለውም፣ ፊዚክስ የለውም። ስፖርት 88 ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች። በእሷ ዓይን ሳየው ወረቀቱ ላይ ያለው ልጅ ሯጭ ነው።

የትምህርቱ ብዛትም አላሳመናትም። በአንድ ዓመት 11 ትምህርት! እኛ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን በየዓመቱ ጎን ለጎን ነው የምንማረው። እዚህ አንዱን ሳይንስ ዓመቱን ሙሉ ተምረው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ስለዚህ «እነዚህ ሙሉ ኮርስ አይመስሉም» ብላ የቀረውንም ቆራረጠችው። ሁለት ዓመት የለፋሁበት 4 ተኩል ክሬዲት ሆነ። በእኛ ዲስትሪክት ስንተኛ ክፍል እንደምትገቡ የሚወስነው ክሬዲታችሁ ነው። 9ኛ።

«አይዞህ፣ ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛህን የምታሻሽልበት ጊዜ ታገኛለህ» አለችኝ። አባቴ «ምን አለች?» አለኝ። «ጥሩ ነው አለች» አልኩት። ፈረመ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ አመሰገናት። ዛሬም ሳስታውሰው የሚያቃጥለኝ የሴትየዋ ነገር አይደለም፤ የኛ ምስጋና ነው። ሰው ቢሮ ገብቶ መከራከር ነውር የሚመስለን ነገር አለን። ትንሽ እንግሊዝኛ የማውቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ። «ማለፊያችን 50 ነው» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል?

ሴፕቴምበር ላይ አልጀብራ ዋን ክፍል ተቀመጥኩ። ሰሌዳው ላይ ኤክስ ሲደመር 5 እኩል ይሆናል 12 ተጽፏል። አጠገቤ ያለው ልጅ ጥርሱ ላይ ብረት አለው፣ እኔ ጢም እያወጣሁ ነው። ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ስፓኒሽ ነበር። የውጭ ቋንቋ ይጎድልሃል ብለው ነው። ለእኔ እኮ እንግሊዝኛውም የውጭ ቋንቋ ነው! ለወራት «ኮሞ ኤስታስ» ስል ከረምኩ።

የኢሶል አስተማሪዬ አንድ ቀን የሒሳብ ደብተሬን አየችና «አንተ እዚያ ክፍል ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ማለፊያው 50 እንደሆነ የት ተጽፏል?» አለች። ካርዱ ጀርባ ላይ ነበር። ካርዱ ያለው አክስቴ ቁም ሳጥን ውስጥ። ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ፣ ቢሮው ግን ፎቶ አንቀበልም አለ። ትምህርት ቤቱ ራሱ በደብዳቤ ያብራራ፣ ማህተም ይኑረው፣ ፖስታው ታሽጎ ይምጣ።

አክስቴ ስሞታ አትወድም። ሥራ አስፈቅዳ ሄደች። መጀመሪያ ቀን ማህተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባለች። በሁለተኛው ዳይሬክተሩን አገኘችው፤ ሰውየው ተገረመ። «50 ማለፊያ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? ይሄ ደብዳቤ ይጻፍበታል?» አላት። እሷም መልሳ ደወለችልኝ፣ «እውነቱን ነው እኮ፣ ምን ብዬ ልከራከረው?» አለች። በሦስተኛው ቀን ቡና ይዛ የሬከርድ ኦፊሷን ሴት ለመነች፤ ተጻፈ፣ ታተመ፣ ታሸገ፣ ለመንገደኛ ተሰጠ።

መንገደኛው እሁድ ማታ ቤታችን አመጣው። አባቴ ፖስታውን ተቀብሎ ሳመው። ከዚያ ቀደደው። ምን እንደተጻፈ ለማየት። እኔ ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ጮክ ብሎ ለእናቴ እያነበበላት ነበር። ምንም አላልኩትም። ምን ይባላል?

የተከፈተ ፖስታ አንቀበልም አሉ፣ እንደፈራሁት። አክስቴ ለአራተኛ ጊዜ ሄደች። ሁለተኛው ደብዳቤ ታሽጎ ደረሰ፤ አባቴ እንኳን ሊከፍተው እጁንም አላስነካነውም። በቀጥታ ቢሮው ገባ። በሳምንቱ ተጠራሁ። ሴትየዋ ደብዳቤውን አዙራ አሳየችኝ። ማለፊያው 50 እንደሆነ ይናገራል፣ ትምህርቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ ይናገራል፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ዘመን የኢትዮጵያ መሆኑንም ይናገራል። ከላይ ቀኑ 15/03/2015 ይላል።

«ይሄ ደብዳቤ የተጻፈው አንተ ከመምጣትህ ሰባት ዓመት በፊት ነው» አለችኝ።

ኅዳር 15 ነው። ካሌንደሩን ለማስረዳት የተጻፈው ደብዳቤ ራሱ በካሌንደሩ ተጠለፈ። ኢ ሲ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ማለት ናት፣ የምትለዋን ሁለት ፊደል ከቀኑ ጎን ማስቀመጥ ያሰበ የለም።

ያን ቀን ግን አላመሰገንኩም፣ አልወጣሁም። ወረቀት ለመንኩና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ። በግራ የኛ፣ በቀኝ የእነሱ። 2013 ከ2020 እስከ 2021፣ 2014 ከ2021 እስከ 2022። ከታች ኅዳር 15 ቀን 2015፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2022። «ይሄ እኮ የባለፈው ታንክስጊቪንግ ነው» አልኳት። ስልኳን አውጥታ አረጋገጠች። አስተማሪዬም ኢሜይል እየላከች አልለቀቀቻቸውም። ፌብሩዋሪ ላይ 4 ተኩሉ 13 ሆነ። አማርኛዬም በሁለተኛ ቋንቋ ተቆጠረልኝና ከኮሞ ኤስታስ ተገላገልኩ። ስልኬ ላይ ያለው የተማሪ ገጽ ከ9 ወደ 11 ሲቀየር አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ፌርማታዬን አለፍኩት።

ግን ያ ዓመት አልተመለሰም። በትምህርት ዕረፍቱ ሳመር ስኩል ገብቼ እንግሊዝኛ ጨረስኩ፣ 12ኛን ደግሞ አንድም ባዶ ክፍለ ጊዜ ሳይኖረኝ። ጁን 2024 ላይ ጋውኑን ለበስኩ። ኢንጂነሪንግ ለመማር እያሰብኩ ካልኩለስን ደጁን ሳልረግጥ ነው የወጣሁት። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ከታች ጀምሬ መውጣት ነበረብኝ፤ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ልጅ ይዛችሁ የምትመጡ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ደብዳቤውን አጽፉ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ሰኔ ሳያልቅ ሂዱ። ማለፊያው ስንት እንደሆነ፣ በየትምህርቱ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳለ፣ የማስተማሪያው ቋንቋ፣ ልጁ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣ፣ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር። የደብዳቤው ቀን ራሱ በፈረንጅ ይሁን። የታሸገ ሁለት ፖስታ፣ ለራሳችሁ ደግሞ ያልታሸገ ኮፒ ያዙ፤ የሚቀድ አባት ካለ ያልታሸገውን ስጡት።

ቢሮው «ዝቅ ብሎ ቢጀምር ይሻለዋል» ሲላችሁ እሺ ለማለት አትቸኩሉ። ገና 14 ለሆነው ልጅ ይሠራ ይሆናል። 16 ሞልቶት የመጣን ልጅ ግን ትምህርቱን ያስጠላዋል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ልተወው ነበር። ወረቀቱንም በዚያው ቀን አትፈርሙ። «ቤት ወስጄ ላየው» ማለት እዚህ ሀገር ስድብ አይደለም። በየሴሚስተሩ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ካውንስለሩ ጋ ሄዳችሁ የጎደለኝን በጽሑፍ ስጠኝ በሉት፤ «ጎበዝ፣ ጥሩ እየሄድክ ነው» ክሬዲት አይሆንም። አንድ ጓደኛዬ 19 ዓመቱ ነው ብለው ሃይስኩሉን ትቶ ጂኢዲ፣ በሃይስኩል ዲፕሎማ ፋንታ የሚወሰደውን ፈተና፣ እንዲፈተን ገፋፍተውት ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ 21 እስኪሞላችሁ ድረስ በነፃ የመማር መብት አላችሁ። መውጣት ከፈለጋችሁ በራሳችሁ ጊዜ ውጡ።

ባለፈው ወር አክስቴ ደወለች። የሬከርድ ኦፊሷ ሴት የኔን ደብዳቤ ኮምፒውተሯ ላይ አስቀምጣው ኖሯል። አሁን ወደ ውጭ የሚሄድ ልጅ ሲመጣ ስሙን ብቻ ቀይራ ታትምለታለች፣ ስብሰባ የለ፣ ቡና የለ። ደስ አለኝ። አንዱን ፎቶ አንስታ ላኪልኝ አልኳት። ላከችልኝ። ሁሉም ነገር ልክ ነው። ቀኑን አየሁት፤ ኢ ሲ የምትለዋ አሁንም የለችም።