እጄን ለጸሎት ያነሣልኝ አምላክ ይመስገን

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመስክር። ዝም ካልኩ ይቆጨኛል።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ልጄን ይዤ ከባለቤቴ ቤት ከወጣሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ቁስሉ ደርቋል። ትከሻዬ ግን ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮዬ ሥር እንደተሰቀለ ቀረ። የባሰብኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። "አቡነ ዘበሰማያት" ሲባል ሰው ሁሉ እጁን ይዘረጋል። እኔ እጄን ከደረቴ ከፍ ሳደርግ ፊቴን ለመከለል የማነሣው ይመስለኛል፤ ላብ ያጠምቀኛል። ስንት ቅዳሴ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ቆልፌ ጨረስኩ! "እመቤቴ፣ ሌላው ይቅርብኝ፣ እጄን ዘርግቼ ልጸልይ" እያልኩ አለቅስ ነበር።

የሚረዳኝ ማዕከል ከጥቃት የወጡ ሴቶች ቡድን ውስጥ አስገባኝ። በዳንስና በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና ነው ሲሉኝ ከፋኝ። ተደብድቤ ወጥቼ ልጨፍር? የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። "ዳዊትስ በታቦቱ ፊት ዘሎ የለ? ሂጂ ልጄ" አሉኝ።

ባለሙያዋ ማሪያን ቼስ ስለምትባል ዳንሰኛ ነገረችን። በ1942 እ.ኤ.አ. እዚሁ ከተማ፣ ሴንት ኤልዛቤትስ ሆስፒታል ገብታ፣ በቃል መናገር ያቃታቸውን ሕሙማን በእንቅስቃሴ ታናግራቸው ነበር። እኛም እንደዚያው ክብ ሠርተን ቆምን። ማንም ማንንም አይነካም። ማቆም የፈለገች ታቆማለች። የመጀመሪያ ቀን ያንቀሳቀስኩት አንድ ጣቴን ብቻ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ልክ እንደ እኔ ጣታቸውን አንቀሳቀሱ። ያኔ ሆዴ ተላወሰ። ለስንት ዓመት ሰውነቴን የሰማው ሰው አልነበረማ!

ከሳምንታት በኋላ ባለሙያዋ "አገራችሁ እንዴት ነው የሚጨፈረው?" አለችኝ። ሳላስበው ቀኝ ትከሻዬ ወረደ፤ ግራው ተከተለው። እስክስታ! ትከሻ ካልላላ እስክስታ የለም። ሁሉም እየተከተሉኝ ትከሻቸውን ሰበቁ። እኔ እየመታሁ አነባሁ።

በአንድ ቀን አልዳንኩም። ዛሬም በር በኃይል ሲዘጋ የምደነግጥበት ቀን አለ። ጸበሌንም አልተውኩም፣ ቡድኑንም አልተውኩም። ሁለቱንም የሰጠኝ እሱ ነው።

በፍልሰታ ጾም፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ "አቡነ ዘበሰማያት" ተባለ። እጄ መነሣቱን እንኳን አላወቅሁም። ያወቅሁት ነጠላዬ ከትከሻዬ ተንሸራትቶ ሲወድቅ ነው። ልጄ አንሥታ መልሳ ልታለብሰኝ በእግሯ ጣቶች ቆመች። እኔ እጄን አላወረድኩም።

ስሙ ይመስገን።